“ማደሪያ እፈልጋለሁ፤ ማደሪያም አለኝ”፦ ተማሪ ተጓዦች ራሳቸውን ለማያውቁት ሰው እንዴት ያስተዋውቃሉ?

በአውሮፓውያኑ 1999 ኬሲ ፌንተን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ወደ አይስላንድ የሚወስድ ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት አገኘ። በዋና ከተማዋ ሬይኪያቪክ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ሰንብቶ መመለስም አልፈለገም። ስለዚህ 1500 ለሚሆኑ የአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ እንዲሰጡት የሚጠይቅ ኢሜይል ላከ። ከ50 የሚበልጡት መልሰው ጻፉለት፤ እነርሱ ዘንድ እንዲያርፍም ጋበዙት።

ከዚያ ጉዞ የተነሣው ሐሳብ በ2004 ካውችሰርፊንግ የተሰኘ ድረ ገጽ ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጓዡ ሊሄድበት ባሰበው ከተማ ለሚኖር ሰው ጥያቄ ይልካል፤ ነዋሪው ከተስማማ ሶፋውን፣ ትርፍ አልጋውን ወይም ወለል ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። ዛሬ አሳዳሪ የሆነው ሰው ነገ በሌላ አገር እንግዳ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ደግሞ እያንዳንዱ ስለ ራሱ የጻፈው አጭር መግለጫ ነው። ብዙዎች ይህን መግለጫ በአምስት ደቂቃ ጽፈው ይረሱታል፤ ነገር ግን አንድ ሰው የቤቱን በር የሚከፍተው ወይም የሚዘጋው በዚያ ጽሑፍ ነው።

ልማዱ አዲስ አይደለም

ኢንተርኔት ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በ1949፣ ቦብ ሉትዋይለር የተባለ አሜሪካዊ የሰላም አቀንቃኝ ከጓደኞቹ ጋር በዴንማርክ ሰርቫስ የተባለውን ማኅበር መሠረተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የተለያዩ አገሮች ሰዎች አንዱ በሌላው ቤት ቢያድሩና በአንድ ማዕድ ቢቀመጡ መጠላላቱ ይቀንሳል የሚል እምነት ነበራቸው። ሰርቫስ እስካሁን የሚሠራበት ደንብ ትኩረት የሚስብ ነው። ተጓዡ መጀመሪያ በአገሩ ካለ የማኅበሩ አባል ጋር ተገናኝቶ ይነጋገራል፤ ከዚያም የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይሰጠዋል። አሳዳሪው የሚያምነው የእንግዳውን ቃል ብቻ ሳይሆን ሌላ ሰው ያየውን ጭምር ነው። ቆይታውም በአብዛኛው ሁለት ሌሊት ነው።

በእኛ አካባቢ የዚህ ዓይነቱ ደብዳቤ በቃል የሚነገር ነበር። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከአንድ ቤት ደጃፍ ቆሞ የእግዜር እንግዳ መሆኑን ሲናገር፣ ከውስጥ የሚመለስለት ቃል “ቤት የእግዚአብሔር ነው” የሚል ነበር። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። የአብነት ትምህርት ፍለጋ ከቀየው ርቆ የሚሄደው የቆሎ ተማሪም እንዲሁ ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲል፣ ልብሱና ያቺ ሐረግ ማንነቱን ተናግረው ይጨርሱለት ነበር። ተማሪ ተጓዥ ነው፤ ችግረኛ ቢሆንም ሌባ አይደለም፤ የሚያውቁት የኔታ አሉት።

የአብነት ተማሪው ዕድል ይህ ነበር፦ የሚያንኳኳበት ሰው ማንነቱን የሚለይበትን ምልክት አስቀድሞ ያውቀዋል። የዛሬዋ ተማሪ ግን ይህ የላትም። በስልኳ የምትልከው ጥያቄ ለሚያነበው ሰው ስሟም፣ ከተማዋም፣ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲም ምንም ላይነግሩት ይችላሉ። ልብሱንም፣ ሐረጉንም፣ የኔታውንም የሚተካላት የጻፈችው ነገር ነው።

“ሰው እወዳለሁ” ማለት ምን ይነግራል?

እስቲ ናይሮቢ የምትማር የ21 ዓመት ወጣት እናስብ። በዕረፍት ጊዜዋ ካምፓላንና ኪጋሊን ማየት ትፈልጋለች። የተከራየቻት ጠባብ ክፍል ስላለችም ሌሎች ሴት ተጓዦችን መቀበል ትችላለች። ስለ ራሷ እንድትጽፍ በተሰጣት ባዶ ቦታ “ተግባቢና ተጫዋች ነኝ፤ ሰው እወዳለሁ፤ አዲስ ባህል ማወቅ ያስደስተኛል፤ ቤቴ ለሁሉም ክፍት ነው” ብላ ትጽፋለች። ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል ላይኖር ይችላል። ችግሩ ሌሎች እጅግ ብዙ ወጣቶችም ይህንኑ መጻፋቸው ነው።

ይህን መግለጫ የምታሳድራትን ሴት ብቻ ሳይሆን ወደ እርሷ መምጣት የምትፈልገው እንግዳም ታነበዋለች። ከእነርሱ ሌላ ደግሞ ለማደርም ሆነ ለማሳደር ሳይሆን ብቻዋን የምትጓዝ ወጣት ፍለጋ የሚያነብ ሰው አለ። መግለጫ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚረሳው ይኸኛው አንባቢ ነው። “ቤቴ ለሁሉም ክፍት ነው” የሚለው ለደጉ አንባቢ ምንም የማይጨምር፣ ለክፉው ግን ብዙ የሚነግር ዓረፍተ ነገር ነው።

ጥሩ መግለጫ ዝርዝር አለው። ካምፓላ ያለች አሳዳሪ ማወቅ የምትፈልገው ተማሪዋ ተጫዋች መሆኗን ሳይሆን በየትኛው ቀን እንደምትደርስ፣ ስንት ሌሊት እንደምታድር፣ ቀን ቀን የት እንደምትውል፣ ማታ በስንት ሰዓት እንደምትገባ ነው። የማትበላው ነገር ካለ አስቀድሞ መነገር አለበት። በጾም ወራት የምትጓዝ የኦርቶዶክስ ተማሪ ወይም የታረደውን ሥጋ ሳትጠይቅ የማትበላ ሙስሊም ይህን ሳትጽፍ ብትሄድ፣ አሳዳሪዋ ወጪ ያወጣችበት ምግብ ፊቷ ላይ ይቀራል። ተግባቢነትም ቢሆን በምሳሌ ሲነገር ይታመናል። የምታጠናውን ትምህርት፣ በቅርቡ ያነበበችውን፣ ልትሠራው የምትችለውን ወጥ፣ የምትናገራቸውን ቋንቋዎች መጥቀስ “ተጫዋች ነኝ” ከማለት የተሻለ ወሬ ይከፍታል። ጥያቄው ራሱም ለአንድ ሰው የተጻፈ መሆኑ መታወቅ አለበት፤ አንዱን መልእክት ገልብጦ ለሃያ ሰው የሚልክ ተጓዥ ወዲያው ይለያል።

በምሥራቅ አፍሪካ ቤቶች ደግሞ ሌላ ክብደት ያለው ጉዳይ አለ። አንድ አውሮፓዊ ተማሪ “ሶፋ አለኝ” ሲል ሶፋ ማለቱ ነው፤ እንግዳው ቁርሱን ውጭ ቢበላ ማንም አይቀየምም። በአዲስ አበባ ወይም በሐርጌሳ ግን እንግዳን ሶፋ ላይ አስተኝቶ አልጋ ላይ ማደር ለብዙ ቤተሰብ ነውር ነው። አልጋው ለእንግዳ ይለቀቅና የቤቱ ልጆች መሬት ላይ ይተኛሉ። በዓል ይመስል ዶሮ ይገዛል፤ ቡና እስከ በረካ ይፈላል፤ “ብሉ እንጂ” የሚለው ግብዣም አያቋርጥም። ይህ ደግነት ወጪ አለው፤ ወጪውን የሚሸከሙትም በአብዛኛው ድረ ገጹን ከፍተው የማያውቁ እናትና አባት ናቸው። ስለዚህ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር ተማሪ እንግዳ እቀበላለሁ ብላ ከመጻፏ በፊት እነርሱን ማማከር ይጠበቅባታል። በመግለጫዋም ውስጥ የቤቱን ልክ፣ ማለትም ስንት ሌሊት እንደሚቻል፣ ወንድ እንግዳ ይፈቀድ እንደሆነ፣ በሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ሳታፍር ብታሰፍር ለሁሉም እፎይታ ነው። የዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤት ውስጥ የምትኖር ከሆነ ደግሞ የውጭ ሰው ማሳደር አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ስለሆነ፣ ከተማ ለማሳየት ወይም ቡና ለመጠጣት ዝግጁ መሆኗን ብቻ መጻፍ ትችላለች። በእነዚህ ድረ ገጾች ላይ ይህ የተለመደና የተከበረ ምርጫ ነው።

የቆይታን ልክ አስቀድሞ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ባህሎቻችን ግን ቀድመውበታል። እንግዳ ሁለት ቀን እንግዳ እንደሆነና በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያ እንዲሰጠው የሚመክር የስዋሂሊ ምሳሌያዊ አባባል አለ። በእስልምናም የእንግዳ መብት ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መስተንግዶ ምጽዋት ይባላል።

ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል?

በእነዚህ መድረኮች የሰርቫስን ደብዳቤ ተክቶ የመጣው ምስክርነት ነው። እንግዳና አሳዳሪ ከተለያዩ በኋላ አንዱ ስለ ሌላው ይጽፋል፤ ተከታዩ ሰውም ይህን አንብቦ ይወስናል። በ2009 የታተመ የአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ካውችሰርፊንግን መርምሮ፣ አሉታዊ ምስክርነት እጅግ በጣም ጥቂት መሆኑን አሳይቷል። ሰዎች ክፉ ስላልገጠማቸው ብቻ አይደለም። ቤቱ ያሳደረን ሰው በአደባባይ መውቀስ ይከብዳል፤ የተወቀሰው ሰውም በአጸፋው ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ምስክርነት ሲነበብ የተጻፈውን ያህል ያልተጻፈውንም ማየት ያስፈልጋል። አንድ ወንድ አሳዳሪ የተቀበላቸው ሁሉ ወጣት ሴቶች ከሆኑ፣ ምስክርነቶቹም አጫጭርና ቀዝቃዛ ከሆኑ፣ ሌላ ቤት መፈለግ ተገቢ ነው።

አደጋው በወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም። በ2015 በጣሊያኗ ፓዱዋ ከተማ አንድ የካራቢኒየሪ ፖሊስ ባልደረባ፣ በካውችሰርፊንግ በኩል ቤቱ የገባችን የ16 ዓመት አውስትራሊያዊት አደንዝዞ በመድፈር ተፈርዶበታል። ፖሊስ መሆኑ ለእንግዶች መተማመኛ ይመስል ነበር። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሙያም ሆነ ፈገግታ የሞላበት ፎቶ ዋስትና አለመሆኑ ነው። ልምድ ያላቸው ሴት ተጓዦች የሚያደርጉት ጥንቃቄ ቀላል ነው። ሴቶችን ወይም ቤተሰብን ይመርጣሉ፤ መጀመሪያ ሰው በሚበዛበት ካፌ ይገናኛሉ፤ የሚያርፉበትን አድራሻ ለጓደኛ ይልካሉ፤ ቢያንስ ለአንድ ሌሊት ሆቴል የሚበቃ ገንዘብ ለብቻ ይይዛሉ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በውድቅት ሌሊት ከማይመች ቤት መውጣት የምትችለው መሄጃ ያላት ናት። በመግለጫቸውም ላይ የቤታቸውን አድራሻ፣ የስልክ ቁጥራቸውንና ብቻቸውን የሚኖሩ መሆናቸውን አይጽፉም።

ካውችሰርፊንግ ራሱ ከጅምሩ ተለውጧል። በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ያደገው ድረ ገጽ በ2011 ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ሆነ፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጉዞን ሲያስቆም ደግሞ አባላቱን ክፍያ መጠየቅ ጀመረ። ገንዘቡ ለአውሮፓ ተጠቃሚ ትንሽ ቢመስልም፣ ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ለሌላት የአዲስ አበባ ተማሪ ግን በር መዝጋት ነው። ቅር የተሰኙ አባላት እንደ ቢዌልካም ወዳሉ ትርፍ የማያገኙና ነጻ ወደሆኑ መድረኮች ሄደዋል።

እንግዳ ለመሆን የሚያበቃው ማን ነው?

መድረኩ ዛሬ አሳዳሪ ነገ እንግዳ በሚል መርሕ የቆመ ነው፤ ድንበሮች ግን ይህን እኩልነት አያውቁትም። የጀርመን ተማሪ ናይሮቢ ለመምጣት በኢንተርኔት ቅጽ ይሞላል። የናይሮቢዋ ወይም የአዲስ አበባዋ ተማሪ በርሊን ለመሄድ ግን 90 ዩሮ የሸንገን ቪዛ ክፍያ፣ የባንክ መግለጫና የማረፊያ ማስረጃ ያስፈልጋታል። ፈረንሳይ ውስጥ በግለሰብ ቤት ለማረፍ ደግሞ አሳዳሪው ራሱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ፣ 30 ዩሮ ከፍሎ፣ የመቀበያ ማረጋገጫ ማውጣት አለበት። አይቷት የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ያደርግልኛል ብላ ልትጠብቅ አትችልም። በዚህ የተነሣ የአካባቢያችን ወጣቶች በብዛት የሚያሳድሩ፣ በጥቂቱ የሚያድሩ ሆነው ይቀራሉ።

ቅርብ ያለው መንገድ የተሻለ ክፍት ነው። የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ ዜጎች ከ2014 ጀምሮ በመታወቂያ ብቻ በሦስቱ አገሮች መካከል መጓዝ ይችላሉ። ሩዋንዳም በ2023 ለሁሉም አፍሪካውያን ያለ ቪዛ በሯን እንደምትከፍት አስታውቃለች። ከናይሮቢ ማታ የሚነሣ አውቶቡስ ጠዋት ካምፓላ ይደርሳል። እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ተጓዥ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ በስዋሂሊ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብትላቸው በትክክል ይረዷታል። በእንግሊዝኛ በምትጽፈው መልእክት ግን ያው ሰዓት ስምንት ነው፤ ሁለት ብላ ከጻፈች አሳዳሪዋ ወይ በሌሊት ትጠብቃታለች፣ ወይ ከሰዓት በኋላ።