ስለ ገበሬ ጥበብ የመሰከሩ ምሁር፦ የፕሮፌሰር ቴዎዶር ሹልትዝ ታሪክ

ገበሬ አባት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ ሲያስብ ሁለት ሥጋት ያድርበታል። አንደኛው የዛሬ ሥጋት ነው፤ ከብቱን ማን ይጠብቃል፥ አረሙን ማን ያርማል የሚል። ሁለተኛው የነገ ሥጋት ነው፤ ልጄ ከተማረ በኋላ ወደ ማሳው አይመለስም የሚል። እኔም በመምህርነት ዘመኔ ይህን ቃል ከብዙ ወላጆች አፍ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አባታቸው ይህንኑ ስለ ፈሩባቸው፥ ኋላ ግን የእርሻ ኤኮኖሚ ፕሮፌሰር ሆነው ሊቃውንት ስለ ገበሬ የነበራቸውን አስተያየት ስለ ለወጡ ሰው ለውድ አንባብያን ማውጋት ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴዎዶር ሹልትዝ በ1902 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በደቡብ ዳኮታ ግዛት፥ በአርሊንግተን አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ከስምንት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ፈጸሙ አባታቸው፥ የበኵር ልጄ ከዚህ በላይ ቢማር እርሻውን ጥሎ ይሄዳል ብለው ስለ ሠጉ በሥራ ላይ አስቀሯቸው። ከዚህም የተነሣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ይሁን እንጂ በ1921 ዓ.ም. የግዛቱ ኮሌጅ ባዘጋጀው አጭር የእርሻ ትምህርት ገቡ፤ ከዚያም መደበኛውን የኮሌጅ ትምህርት ፈጽመው በ1930 ዓ.ም. ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። የአባታቸው ሥጋት በከፊል እውነት ሆነ፤ ልጃቸው ማሳውን ለቀቁ፤ ገበሬውን ግን አልለቀቁም።

በዚያው ዓመት በአይዋ ግዛት ኮሌጅ ማስተማር ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይተውም የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በ1943 ዓ.ም. ግን ፈተና መጣባቸው። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበርና፥ ከባልደረቦቻቸው አንዱ ሕዝቡ በቅቤ ፈንታ ከዘይት የሚሠራውን ማርጋሪን ቢበላ የአገር ሀብት ይቆጠባል የሚል ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። የወተትና የቅቤ ነጋዴዎች ተቈጡ፤ መጽሐፉ ይሰረዝ ብለው ኮሌጁን አስጨነቁ፤ አስተዳደሩም ተበገረላቸው። ሹልትዝ ግን ምርምር በነጋዴ ፈቃድ አይመራም በማለት ሥራቸውን ለቀቁ፤ ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲም ተሻገሩ፤ ሌሎችም መምህራን ኮሌጁን ጥለው ወጡ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአላባማ ግዛት ያገኟቸው አዛውንት ባልና ሚስት የሐሳባቸውን አቅጣጫ እንደ ለወጡት ይነገራል። ባልና ሚስቱ እርሻቸው አርጅቶ፥ ቤታቸው ደኽይቶ ሳለ ደስተኞች ነበሩ። ፕሮፌሰሩም በድህነት ሳላችሁ ስለ ምን ደስ ይላችኋል ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሎቹ ግን ድሆች አይደለንም፤ የእርሻችንን ጉልበት አራት ልጆቻችንን በኮሌጅ ለማስተማር አውለነዋል፤ እነርሱም በትምህርታቸው ፍሬ ያፈራሉ ሲሉ መለሱላቸው። በዚህ መልስ ውስጥ ሹልትዝ የኤኮኖሚ ሊቃውንት በመዝገባቸው ያልጻፉትን ሀብት አዩ። መሬትና መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ዕውቀትና ጤናም ካፒታል ነው፤ ለልጅ ትምህርት የሚወጣው ገንዘብ እንደ ተበላ ሳይሆን እንደ ተዘራ ሊቈጠር ይገባዋል አሉ። ይህንንም በ1960 ዓ.ም. የአሜሪካ ኤኮኖሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሳሉ ባደረጉት ንግግር በሰፊው አብራሩ።

በ1964 ዓ.ም. ስለ ጥንታዊው እርሻ መለወጥ ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ድሀ ገበሬ ሰነፍና ሞኝ ነው የሚለውን አስተያየት ተቃወሙ። በጓቴማላ በምትገኘው በፓናሃቼል፥ በህንድም በሴናፑር መንደር የተደረጉትን ጥናቶች አቅርበው፥ ገበሬው ያለችውን መሬት፥ ዘርና ጉልበት በሚገባ አመዛዝኖ እንደሚሠራባት አስረዱ። ድሀ የሆነው አሠራር ስለማያውቅ አይደለም፤ በእጁ ያሉት ነገሮች ከዚያ በላይ ስለማያፈሩ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ተግሣጽ ሳይሆን የተሻለ ዘር፥ ማዳበሪያ፥ ትምህርትና ድካሙን የሚክስ ዋጋ ነው። ከተማውን በርካሽ ለማብላት የእህልን ዋጋ የሚጫን መንግሥት የገበሬውን ትጋት እንደሚያደክምም አስጠነቀቁ። ሐሳባቸው ሁሉ ያለ ክርክር አልተቀበሉትም፤ ከእርሻ ላይ ጥቂት ሰው ቢነሣ ምርት ይቀንሳል ለማለት የ1918ቱን የህንድ የኅዳር በሽታ ማስረጃ ማድረጋቸውን ህንዳዊው ኤኮኖሚስት አማርትያ ሴን በ1967 ዓ.ም. ነቅፈውታል።

በ1979 ዓ.ም. ከሰር አርተር ሉዊስ ጋር የኖቤልን የኤኮኖሚ ሽልማት ተካፈሉ፤ በ1998 ዓ.ም. በ95 ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፥ ፊደል የቈጠርን ሰዎች ፊደል ያልቈጠረውን ገበሬ እንዳንንቅ ነው፤ በማሳው ላይ እርሱ ሊቅ ነውና። ሁለተኛው፥ ልጅን ከትምህርት ያስቀረ ሰው ለአንድ ዓመት የእጅ ጉልበት ሲል የብዙ ዓመት መከር እንደሚያጣ ነው። የሹልትዝ አባት የፈሩት ልጃቸው እርሻውን እንዳይተው ነበር፤ ነገር ግን ስለ ገበሬ የሚከራከርለት ሰው የወጣው ከዚያው ቤት ነበር።