ምዕራፍ ሰባት፦ ማዘዣዎች የሚገናኙበት ቤት

የአእምሮ ሕመምና የሚጥል በሽታ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሁለቱም የሚነሡት ከአንጎል ነው። የሕክምናው አደረጃጀት ግን ለያይቶ ስለሚይዛቸው፣ የአእምሮ ሐኪሙ የሐሳብንና የስሜትን መታወክ፣ የነርቭ ሐኪሙ ደግሞ መንዘፍዘፍንና መንቀጥቀጥን እየተከታተሉ በየፊናቸው ያዝዛሉ። በዚህ ላይ ታካሚው የደባርቅ ወይም የዳባት ሰው ሆኖ የወር መድኃኒቱን ከአቅራቢያው ጤና ጣቢያ የሚወስድ፣ ለቀጠሮ ወደ ጎንደር የሚወርድ፣ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ያጣውንም ፒያሳ ካሉት የግል መድኃኒት ቤቶች የሚገዛ ከሆነ፣ ማዘዣዎቹ ሁሉ በአንድነት የሚታዩት በሚኖርበት ቤት ብቻ ይሆናል። እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉንም የሚያየው ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የትዳር ጓደኛው፣ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን ማድረግ እንደማይገባው ማስረዳት የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ነው።

የሐኪሞቹ መብዛት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም የረጅም ዘመን ልፋት ፍሬ ነው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ማለት ነበር፤ በአገር ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ የነርቭ ሕክምናው ሥልጠና በ2006 ተከትሏል። በጎንደር በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ከተቋቋመው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሺታዬ ዓለሙ፣ ከብሪታንያዊው ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ ጋር በመሆን፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ ክትትል ከሆስፒታል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ የሠሩት ሥራ፣ ሕመምተኛው ለአንድ ወር ክኒን ብሎ ሙሉ ቀን ከመጓዝ እንዲያርፍ መንገድ ከፍቷል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚታደለው ፌኖባርቢታል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ለገበያ የበቃ፣ ዋጋው ርካሽ፣ ሥራውም የተመሰከረለት፣ ነገር ግን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር በቀላሉ የማይስማማ አሮጌ መድኃኒት ነው።

አለመስማማቱ የሚመጣው በጉበት በኩል ነው። ጉበት መድኃኒትን ሰባብሮ የሚያስወግደው ኢንዛይም በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ሲሆን፣ ፌኖባርቢታልና ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካርባማዜፒን የነዚህን ኢንዛይሞች መጠን ያበዛሉ፤ በአንድ ወፍጮ ትፈጭ በነበረች መንደር ሁለት ሦስት ወፍጮ እንደ መትከል ያለ ነው፤ እህሉ ቶሎ ያልቃል። በመሆኑም ለስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም ድምፅ ለሚያሰማና ከእውነታ ለሚያርቅ ሕመም፣ ሃሎፔሪዶል የሚወስድ ሰው ካርባማዜፒን ሲጨመርለት፣ ሃሎፔሪዶሉን አንድም ፍሬ ሳያጓድል እየዋጠ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። የነገሩ ክፋት ግን ያለው በጊዜው ላይ ነው፤ ኢንዛይሞቹ የሚበዙት በአንድ ሌሊት ሳይሆን በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ስለሆነ፣ ለውጡን ያደረገው ሐኪም ታካሚውን በደህና አሰናብቶት ከሄደ በኋላ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ብቻን ማውራቱ ቀስ እያሉ ይመለሳሉ፤ ቤተሰቡም መድኃኒቱን ደብቆ እየተፋው ነው ብሎ ይጠረጥረዋል። የተገላቢጦሹም ይሆናል፤ ካርባማዜፒኑ ሲቋረጥ ኢንዛይሞቹ ይቀንሱና የሃሎፔሪዶሉ መጠን ከፍ ብሎ ሰውነት ይገታተራል፣ ፊት ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ይህም እንደ አዲስ የነርቭ በሽታ ተቆጥሮ ሌላ መድኃኒት ሊያሳዝዝ ይችላል።

ስለዚህ የትዳር ጓደኛው ሊይዘው የሚገባው ደብተር የመድኃኒት ስም ዝርዝር ብቻ ከሆነ ግማሹን ጉዳይ ጥሎታል። ዋናው ቁም ነገር ቀኑ ነው፦ የትኛው መድኃኒት መቼ ተጀመረ፣ መቼ ተጨመረ፣ መቼ ተቀነሰ፣ ማንስ አዘዘው፤ ከጎኑም በቤት ውስጥ የታየው ነገር፣ የጣለው ቀን፣ ያልተኛበት ሌሊት፣ ምግብ የተወበት ሳምንት በአጭር ቃል ይመዘገባል። የአእምሮ ሐኪሙ ፊት ይህ ደብተር ሲከፈት፣ ሕመሙ ያገረሸው የነርቭ ሐኪሙ ካርባማዜፒን ከጀመረ በሦስተኛው ሳምንት መሆኑ በአንድ እይታ ይታወቃል፤ አለዚያ ግን የሚሰማው ቃል “ብሶበታል” የሚል ብቻ ይሆናል፣ ለዚህም የተለመደው መልስ መጠን መጨመር ነው።

ሌሎቹ ግጭቶች በአጭሩ ሊነገሩ ይችላሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ክሎርፕሮማዚንና አሚትሪፕቲሊን አንጎልን ለመንዘፍዘፍ ያቀርቡታል፤ ለሕመም ማስታገሻ የሚገዛው ትራማዶልና ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲንም እንዲሁ። ለባይፖላር፣ ማለትም ከፍ ዝቅ ለሚል የስሜት ሕመም፣ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ቢውጥ ሊቲየሙ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። ሃሎፔሪዶል የሚዘጋው ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ሲሆን የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነው ሌቮዶፓ የሚሞላው ያንኑ ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲታዘዙ አንዱ የገነባውን ሌላው ያፈርሳል። አረቄ ከፌኖባርቢታል ወይም ከዲያዜፓም ጋር ሲደረብ ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳል። ታካሚዋ ሚስት በሆነች ጊዜ ደግሞ ባልና ሚስቱ ሳይጠየቁ ሊያነሡት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን የወሊድ መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ያዳክማሉ፣ ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቫልፕሮይክ አሲድ ደግሞ በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ይህን ደግሞ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ስለ ሚጥል በሽታው፣ የነርቭ ክፍሉም ስለ መከላከያው ካልተነገራቸው ሊያውቁት አይችሉም።

በመድኃኒት ስምና በዘመን አቆጣጠር የሚመጣው ስሕተት ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ቴግሬቶል የካርባማዜፒን፣ ላርጋክቲል የክሎርፕሮማዚን፣ አርቴን የትራይሄክሲፈኒዲል የንግድ ስሞች ናቸው፤ ከሆስፒታሉ በአንዱ ስም፣ ከፒያሳ በሌላው ስም የመጣ አንድ መድኃኒት በእጥፍ ሊዋጥ ይችላል፤ ስለዚህ አዲስ እሽግ በተገዛ ቁጥር መድኃኒት ባለሙያውን “ይህ ከእነዚህ የአንዱ ሌላ ስም ነው?” ብሎ ደብተሩን ማሳየት ይገባል። በእሽጉ ላይ የታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር በመሆኑ፣ 2025 የሚለውን በ2018 ዓ.ም. የሚያነብ ሰው ገና ሰባት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል፤ ጊዜው ግን አልፎበታል፣ ወይም በማለፍ ላይ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ብዙ ማዘዣ ባለበት ቤት ግን መድኃኒቱን መደበቅም በሽታውን ከመደበቅ አያንስም። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ይህን ለሐኪሙ፣ ክኒን የሚውጥ ሰውም ይህን ለአጥማቂው ቢናገር ሁለቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፤ አደጋው ያለው ጸበል ሲገቡ ክኒኑን በአንድ ጊዜ ማቆሙ ላይ ነው፤ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ መንዘፍዘፉ ሳያባራ ሊደጋገም ይችላል፤ ከአምስት ደቂቃ የበለጠ መንዘፍዘፍም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚሮጡበት ነው። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም፣ ወይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ምግብም ውኃም ለማይቀምስ ሰው፣ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ሰዓቱ ይዛባል፣ ሊቲየም የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የውኃ ጥም ራሱ አደገኛ ነው፤ ሰዓቱን ማስተካከል የሚቻለው ግን ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን፣ እንዲሁም የንስሐ አባትን ወይም የመስጊዱን ኢማም በመጠየቅ ነው። ሃይማኖቶቹ ለሕመምተኛ ያላቸው ርኅራኄ ብዙ ቤተሰብ ከሚያስበው ይሰፋል።

ይህ ሁሉ ሲባል የትዳር ጓደኛው ሐኪም ሆነ ማለት አይደለም። ደብተሩ ለማሳወቅ እንጂ በራስ ፈቃድ ለመጨመርና ለመቀነስ ሥልጣን አይሰጥም። ክኒኑን ፈጭቶ በወጥ ውስጥ ማብላት በብዙ ቤት የሚደረግ፣ ከፍቅርም የሚመነጭ ነው፤ ዳሩ ግን የተደረሰበት ቀን ምግቡም ምግብ አቅራቢውም አብረው ይጠረጠራሉ፣ ከዚያ በኋላም እውነተኛውን ክኒን የሚያስውጥ ሰው አይገኝም። ክኒን አልውጥ ላለ ሰው በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ መኖሩን ሐኪሙን መጠየቅ ከማታለል ይሻላል፤ ደብተሩም ቢሆን ታካሚው ራሱ እያየው፣ ቢችል በራሱ እጅ እየጻፈው መሆን አለበት፤ ስለ እሱ የሚጻፍ ግን እሱ የማያነበው ወረቀት ክስ ይመስላልና።

ፊደል በማይቆጠርበት ቤት ተማሪ ልጅ ወይም ጎረቤት ሊጽፍ ይችላል፤ ጸሐፊ ከጠፋም ባዶ እሽጎቹን ሳይጥሉ፣ የጠዋቱን በአንድ ጨርቅ የማታውን በሌላ ቋጥሮ ለቀጠሮ ይዞ መውረድ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ክረምት ሲገባ የደጋው መንገድ ስለሚበላሽ፣ ክኒኑ ሳያልቅ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ እንዲኖር ስለ ማዘዣው ከሰኔ ጀምሮ ሐኪሙን ማነጋገር ይገባል፤ የትዳር ጓደኛው ለለቅሶ ወይም ለገበያ ውጭ የሚያድርበት ሌሊትም ስለማይቀር፣ የማታውን ቋጠሮ እንዲፈታ አስቀድሞ የተነገረው አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ መኖር አለበት።