ከዓይን ሞራ እስከ አእምሮ

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩላቸው። ወጣቶቹም ተመለሱ። በዱቡሻ፣ በጋሞ ባህላዊ ሸንጎ፣ የሚደረገው ሽምግልና የሚቆመው በአባቶች ትውስታ ላይ ነው፤ የትኛው ጠብ በምን እንደታረቀ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እንዲህ ያሉ አባት የልጅ ስም መርሳት፣ የሰፈር መንገድ መሳት ሲጀምሩ ግን ቤተሰቡ «አርጅተው ነው» ብሎ ይተወዋል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ ያገኛት ታማሚ ገና 51 ዓመቷ ነበር። በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሴሎቹ መካከል የተጋገረ ባዕድ ነገር፣ በሴሎቹም ውስጥ የተወሳሰበ ክር መሰል ነገር አገኘ። መርሳቷ በሽታ ነበር።

ምርምሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያንን ግግር የሚያጠራ መድኃኒት ሲፈልግ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ ግግሩን ይቀንሳል፤ በሽታውን ግን አያድንም። በ18 ወር ሙከራ የመባባሱን ፍጥነት በሩብ ያህል አዘገየው። እጅግ ውድ ነው፤ አንጎል ማበጡን ወይም መድማቱን ለማየትም በተደጋጋሚ ኤምአርአይ መነሳት ያስፈልጋል። ለጋሞዋ ጨንቻ ገበሬ ይህ ሩቅ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ግኝት የመጣው ብዙዎች ካልጠበቁት ቦታ፣ ከዓይን ሕክምና ነው። የዓይን ሐኪሟ ዶ/ር ሲሲሊያ ሊ እና ባልደረቦቻቸው ሲያትል ውስጥ ለዓመታት የጤና ክትትል ሲደረግላቸው የቆዩ፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ወይም ግላኮማ ያለባቸውን 3,038 አረጋውያን መዝገብ መረመሩ። በ2021 ይፋ በሆነው ውጤት፣ ሞራቸው በቀዶ ሕክምና የተገፈፈላቸው ሰዎች በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ካልተገፈፈላቸው በ30 ከመቶ ገደማ አንሶ ተገኘ።

ጥርጣሬው ወዲያው ይመጣል። ኦፕራሲዮን የሚሆኑት ከመጀመሪያውም ጤናማ የነበሩት ቢሆኑስ? ተመራማሪዎቹ ስለዚህ የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ያደረጉትንም አዩ። እነዚህም ለኦፕራሲዮን የበቁ ናቸው፤ የግላኮማ ኦፕራሲዮን ግን የጠፋ እይታ አይመልስም። በእነሱ ላይ ቅናሹ አልታየም! ለእኔ የታሪኩ ልብ ይህች ንጽጽር ናት። የክትትል ጥናት የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም፤ ይሁንና ጥርጣሬውን እንዲህ ፊት ለፊት የገጠመ ማስረጃ ችላ የሚባል አይደለም።

በፕሮፌሰር ጊል ሊቪንግስተን የሚመራው የሕክምና መጽሔቱ የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጠኝ፣ በ2020 አሥራ ሁለት ለመርሳት በሽታ አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ ነበር። በ2024 ያልታከመ የእይታ መድከምና ከፍተኛ ኮሌስትሮል ተጨምረው አሥራ አራት ሆኑ። ሁሉም ቢወገዱ ከሕመሙ 45 ከመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል ኮሚሽኑ።

አሁን ወደ ጋሞ ምድር፣ ወደ ዶርዜ እንመለስ። ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው ሸማኔ ድሩን ከማጉ መለየት ሲያቅታቸው መወርወሪያውን ያስቀምጣሉ። ገበያ መውጣት ይቀራል፤ ዱቡሻም ይቀራል። ብቸኝነት፣ ድባቴ፣ እንቅስቃሴ ማጣት ይከተላሉ፤ ሦስቱም በዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚቀመጡበት የምድጃ ጭስም ከአየር ብክለት ይቆጠራል። ዓይን ሲጠፋ ሌላውን አደጋ እየጎተተ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። ግርዶሹ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይገፈፋል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አባትዎ ወይም እናትዎ መዘንጋት ሲጀምሩ «አርጅተው ነው» ብለው አይለፉት። ዓይናቸውን ያስመርምሩ፤ በዚያው ጆሯቸውንና የደም ግፊታቸውንም ያሳዩ። ሐኪሙ ሞራው ይገፈፍ ካለ ቀዶ ሕክምናውን አያዘግዩ።