ባዶ ያልሆነው ብርጭቆ፤ ልጆችን ስለ አየር ግፊት በቤት ውስጥ ስለ ማስተማር

በሊቃውንቶቻችን ትምህርት አራቱ ባሕርያት ከሚባሉት ውስጥ ሦስቱን፣ መሬትን፣ ውሃንና እሳትን፣ ሕፃን ልጅ ማንም ሳያስተምረው ያውቃቸዋል። መሬቱን ይረግጠዋል፤ ውሃውን ይጠጣዋል፤ እሳቱንም አንድ ቀን በጣቱ ነክቶ ከዚያ ወዲህ ይጠነቀቀዋል። አራተኛውን፣ ነፋስን፣ ግን የሚያውቀው ሲነፍስ ብቻ ነው። ዛፉ መወዛወዙን ሲተው ነፋሱ «ሄደ» ይላል፤ ባዶ ብርጭቆም በእርሱ ዘንድ በእውነት ባዶ ነው። እናቱ «ልጄ፣ ብርጭቆው እኮ አየር ሞልቶበታል» ብትለው ልጁ ስለሚያከብራት እሺ ይላል። እሺ ማለት ግን ማወቅ አይደለም። ሳይገባው እሺ ማለትን በቤቱ የለመደ ልጅ በትምህርት ቤትም እንዲሁ ማድረጉ አይቀርም። ከዚህ ልማድ ለማላቀቅ ስለ አየር የሚሰጠው ትምህርት እጅግ የተመቸ ነው፤ ሙከራው ውድ ዕቃ አይጠይቅምና፣ ልጁም የተነገረውን በገዛ እጁ ሊያረጋግጥ ወይም ሊያፈርስ ይችላልና።

ለመጀመሪያው ሙከራ የሚያስፈልገው አንድ ሳፋ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆና አንድ ቁራጭ ደረቅ ጨርቅ ነው። ጨርቁን ከብርጭቆው ሥር እንዳይወድቅ አድርጎ መጠቅጠቅ፤ ከዚያም ብርጭቆውን አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ሳያዘነብሉ፣ ውሃው ውስጥ እስኪሰጥም ድረስ ማጥለቅ ነው። እዚህ ላይ ወላጅ ለመናገር መቸኮል አይገባውም። አስቀድሞ «ጨርቁ ይረጥባል ወይስ አይረጥብም?» ብሎ ልጁን ይጠይቀው፤ መልሱንም እስኪሰጥ ይታገሠው። ብዙዎቹ ልጆች «ይረጥባል» ይላሉ። ብርጭቆው ወጥቶ ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ የሚያሳዩት መደነቅ ከማናቸውም ማብራሪያ ይበልጣል። ሁለተኛ ሲጠልቅ ብርጭቆውን ጥቂት ቢያዘነብሉት አረፋው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፤ በወጣውም ፈንታ ውሃ ይገባል። ብርጭቆው ባዶ አልነበረም።

ቦታ የሚይዝ ነገር ክብደትም አለው። ማባዛት የተማረ ልጅ ካለ ይህን በስሌት ማሳየት ይቻላል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በባሕር ጠረፍ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ 0.9 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ 36 ኪሎ ያህል አየር አለ ማለት ነው፤ ይህም ከአንድ ኩንታል ጤፍ ሲሶ ይበልጣል። ከጣራው በላይ ያለው አየር ደግሞ እስከ ሰማይ ጠርዝ ተደራርቦ የታችኛውን ይጫነዋል። የአየር ግፊት የምንለው ይህንኑ ነው።

ግፊቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን በሁሉም አቅጣጫ የሚሠራ መሆኑን ለማሳየት ብርጭቆውን እስከ አፉ ውሃ ሞልተው፣ በአፉ ላይ ጠንካራ ወረቀት ወይም ፖስት ካርድ ያድርጉበት፤ ወረቀቱን በመዳፍ ደግፈው ብርጭቆውን ይገልብጡት፤ ከዚያም መዳፉን ያንሡ። ይህን ሁሉ ከሳፋው በላይ ሆኖ መሥራት ይሻላል፤ መጀመሪያ ላይ ምንጣፉ መርጠቡ የተለመደ ነው። ወረቀቱ በቦታው ይቆያል፤ ውሃውም አይፈስስም። «እማዬ፣ ማን ይዞት ነው?» ብሎ ልጁ መጠየቁ አይቀርም። እናትም ወዲያው ከመመለስ ይልቅ «አንተስ ማን የያዘው ይመስልሃል?» ትበለው። ከታች ወደ ላይ የሚገፋው አየር ነው የያዘው። በወረቀቱና በብርጭቆው ከንፈር መካከል ያለው ቀጭን የውሃ ሽፋን ደግሞ አየር ሾልኮ እንዳይገባ ይዘጋል። በብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍታው ከስንዝር አይበልጥም፤ የአዲስ አበባ አየር ግን 8 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረውን የውሃ ዓምድ ሊሸከም ይችላል። በአንድ መዳፍ ላይ የሚያርፈውም ግፊት ሲሰላ ከ70 ኪሎ በላይ ይሆናል። እጃችን የማይደቀው ከመዳፉ በታችም ያው አየር በዚያው ኃይል ስለሚገፋ፣ በሰውነታችን ውስጥ ያለውም ፈሳሽና አየር ግፊቱን በእኩልነት ስለሚመልስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልጆችን የሚያስገርመው ግን «መሳብ» የምንለው ነገር በእውነቱ መገፋት መሆኑ ነው። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ውሃ ይሞላና፣ ስትሮ የሚባለው የመጠጫ ቀሰም ይከተትበታል፤ በቀሰሙና በጠርሙሱ አፍ መካከል ያለው ክፍተትም በሊጥ ድፍን ተደርጎ ይዘጋል። ከዚያ ልጁ ይጠጣ። የቻለውን ያህል ቢስብ ጥቂት ጠብታ ብቻ ያገኛል፤ ጉንጩ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ውሃው ግን እንቢ ይላል። በሊጡ ላይ በመርፌ ቀዳዳ ሲያበጁለት ግን ውሃው ያለ ችግር ይመጣለታል። እንግዲህ በመጀመሪያ የጎደለው ምን ነበር? የልጁ ጉልበት አይደለም። ልጁ ያደረገው በአፉ ውስጥ ያለውን አየር ማሳሳት ብቻ ነው፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በውጭ ያለው አየር ሲሆን፣ ሊጡ መንገዱን ዘግቶበት ነበር። የዘይት ቆርቆሮ የምትበሳ የቤት እመቤት አንድ ቀዳዳ ትታ ሁለት የምታደርገው ስለዚህ ነው። ዋግምተኛ ቀንዱን በበሽተኛው ቆዳ ላይ አድርጎ አየሩን በአፉ ሲመጥጠውም ቆዳውን ወደ ቀንዱ ውስጥ የሚያሳብጠው ቀንዱ ስቦት አይደለም፤ በቀሪው ሰውነት ላይ ያለው ግፊት ይገፋዋል እንጂ። (ዋግምቱን ልጆች እንዲሞክሩት ማለታችን አለመሆኑን መናገር አያስፈልግም።)

አሁን ስለ አንድ የታወቀ ሙከራ ጠንከር አድርገን ልንናገር እንወዳለን። በሰሃን ውሃ መካከል አጭር ሻማ አቁመው ለኩሰው ብርጭቆ ቢደፉበት፣ ሻማው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋል፤ ውሃውም ወደ ብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። ሙከራው ያማረ ነው። አብሮት የሚነገረው ምክንያት ግን በብዙ ስፍራ የተሳሳተ ነው። «እሳቱ ኦክስጅንን በልቶ ስለ ጨረሰው፣ ኦክስጅንም የአየር አምስተኛ እጅ ስለ ሆነ፣ ውሃው ያን አምስተኛ እጅ ሞላ» ይባላል፤ መምህራንም ሳይቀሩ እንዲህ ሲያስተምሩ ይሰማል። ልጁ ዓይኑን ተክሎ ቢመለከት ግን ይህ እንደማይሆን ራሱ ይደርስበታል። የኦክስጅን መበላት ምክንያት ቢሆን ኖሮ ውሃው ሻማው እየነደደ ሳለ ቀስ በቀስ በወጣ ነበር፤ የሚወጣው ግን አብዛኛው ሻማው ከጠፋ በኋላ፣ ባንድ ጊዜ ነው። ዳግመኛም በአንዱ ሻማ ፈንታ ሦስት ሻማ ቢያበሩ ውሃው ከፊተኛው ይልቅ ከፍ ይላል፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን በሦስት እጥፍ አልበዛም። የበዛው ሙቀቱ ነው። አየሩ በእሳቱ ሙቀት ሰፋ፤ ከፊሉም በብርጭቆው ከንፈር ሥር አረፋ እየሆነ ወጣ፤ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ተሰበሰበ፤ በውጭ ያለውም አየር ውሃውን ገፍቶ አስገባው። እሳቱ ኦክስጅን መብላቱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ሁሉን ሳይጨርስ ይጠፋል፤ በበላውም ፈንታ ሌላ ጋዝና እንፋሎት ይተካል። ልጅ ይህን በሰሃን ላይ አይቶ የተነገረውን ምክንያት ቢጠራጠር እንደ ድፍረት ሊቆጠርበት አይገባም። ወላጅም የማያውቀውን ሲጠየቅ «ይህን አላውቀውም፤ አብረን እንሞክረው» ቢል ክብሩ አይቀንስም። ለዚህ ሥራ ከሱቅ የተገዛ ተራ ሻማ ይበቃል፤ ለጸሎት የተቀመጠውን ጧፍ መንካት አያስፈልግም። እሳቱንም የሚለኩሰው ትልቅ ሰው ይሁን።

ይህ ነገር ሊቃውንቱንም ብዙ ዘመን አከራክሯል። ኢጣልያዊው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1644 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፣ ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ የተሞላ የመስተዋት ቱቦ በባዜቃ ሳሕን ላይ ሲደፋ በቱቦው ውስጥ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚቆየው በውጭ ያለው አየር ስለሚጫነው እንደ ሆነ ገለጠ። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ደግሞ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ ተራራ ላይ ሲወጣ በላይ የቀረው አየር ስለሚያንስ ባዜቃው ዝቅ ማለት አለበት ብሎ አሰበ፤ ሙከራውንም ለእኅቱ ባል ለፍሎረን ፔሪየ አደራ ሰጠው። ፔሪየ በሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 ዓ.ም. ፒዩይ ደ ዶም በተባለው ተራራ ላይ ወጥቶ ባዜቃው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ አገኘው። ከሁሉ የሚያስመሰግነው ግን ከመውጣቱ በፊት ያደረገው ጥንቃቄ ነው። በክሌርሞን ከተማ በሚገኝ ገዳም አትክልት ቦታ ሌላ ቱቦ ትቶ፣ ከመነኮሳቱ አንዱ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው ለመነው። መነኩሴውም ባዜቃው ከጧት እስከ ማታ ከቦታው እንዳልተንቀሳቀሰ መሰከረ። ስለዚህ በተራራው ላይ የታየው ለውጥ የአየሩ ጠባይ በዕለቱ ስለ ተለወጠ ነው ለማለት የሚችል አልተገኘም። ባዜቃ መርዝ ስለ ሆነ ግን ከተሰበረ የትኩሳት መለኪያ የፈሰሰውን እንኳ ልጆች እንዳይነኩት መጠንቀቅ ያሻል።

የእኛ አገር ልጆች ለዚህ ትምህርት ከፓስካል ይልቅ የታደሉ ናቸው፤ ደጋውና ቆላው በአንድ ቀን መንገድ ይገናኙላቸዋልና። በወጥ ቤትም ቢሆን ምልክቱ አይጠፋም። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ግን ወደ 100 ይጠጋል። የሚፈላ ውሃ አረፋ የሚያወጣው እንፋሎቱ የአየሩን ግፊት ሲያሸንፍ ስለ ሆነ፣ ግፊቱ በሳሳበት ደጋ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ በዚያው መጠን ግን ሙቀቱ ያነሰ ነው። በጾም ቀን የባቄላ ንፍሮ የምትጥድ የደጋ እናት ከቆላይቱ እኅቷ ይልቅ ብዙ ማገዶ የምትፈጀው ስለዚህ ነው። ክዳኑ የሚቆለፈው ድስት የሚረዳውም እንፋሎቱን አፍኖ የጎደለውን ግፊት ስለሚሞላ ነው።

ቤተ ሰቡ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ከሆነ ሕዝቡ «ሃይላንድ» የሚለውን ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ፤ ትርጓሜውም ደጋ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ለሥራው ተስማምቶታል። የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በጎሐ ጽዮን፣ ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነበት ስፍራ፣ ልጁ ጠርሙሱን ከፍቶ እንደ ገና ጥብቅ አድርጎ ይዝጋው። ሌላ እንደዚሁ ያለ የተዘጋ ጠርሙስም በቤት ይቅር፤ በገዳሙ እንደ ቀረው ቱቦ። መኪናው ሲወርድ የልጁ ጆሮ ይደፈናል፤ ምራቁን ሲውጥ ይከፈታል። ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ከወረደበት ድልድይ ሲደርስም የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ ያየዋል። ብልህ ልጅ «ሙቀቱ ነው እንዳይባል፣ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ያሳብጠው ነበር» ማለት ይችላል፤ እውነቱን ነው፤ በረሃው ከደጋው ይልቅ ሞቃት ሆኖ ሳለ ጠርሙሱ ተጨፍልቋል። በዚያው በድልድዩ አጠገብ ጠርሙሱን ከፍቶ አየር ካስገባበት በኋላ ዳግመኛ ይዝጋውና ወደ ደጀን ይዞት ይውጣ። እዚያም ጠርሙሱን ከመክፈቱ በፊት ምን ድምፅ እንደሚሰማ አስቀድሞ ይናገር።