ጠረጴዛ ሲታዘዝ ስለሚጻፈውና ስለማይጻፈው ልክ

በእጅ የሚሠራ ጠረጴዛ የሚያዝ ነጋዴ በማዘዣው ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥር ይጽፋል፤ ይኸውም ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ነው። እኔም በነጋዴ ቤት ጸሐፊ ሆኜ በቆየሁበት ዘመን እንደዚሁ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ነገር ግን ጠረጴዛ መመቸቱና ማማሩ በአብዛኛው ባልተጻፉት ልኮች መሆኑን የተረዳሁት አሠሪዬን ገንዘብ ካስከፈልሁት በኋላ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ለነጋድያን ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

አሠሪዬ ለአንድ ምግብ ቤት 12 የዋንዛ ጠረጴዛ ሊያቀርብ ተዋዋለ። እያንዳንዱ በአራት ጎኑ አራት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ጎኑ 90፣ ቁመቱ 75 ሳንቲሜትር እንዲሆን አዘዝሁ። አናጢው ከታዘዘው ልክ አላጎደለም። ይሁን እንጂ ከላይኛው ጣውላ ሥር እግሮቹን የሚያያይዘውን ዙሪያ ሳንቃ፣ እንዲጠነክር ብሎ፣ ወደ ታች 18 ሳንቲሜትር አወረደው። የላይኛው ጣውላ ውፍረት 3 ሳንቲሜትር ስለ ነበረ ከሳንቃው ሥር እስከ ወለሉ የቀረው 54 ብቻ ሆነ። የወንበር መቀመጫ ከፍታ ደግሞ 45 ያህል ነው። እንግዲህ ለተቀማጩ ጭን የተረፈው 9 ሳንቲሜትር ነው! ቆሞ ለሚያየው ያማረ የነበረው ዕቃ ለሚቀመጥበት ጉልበት መምቻ ሆነና ምግብ ቤቱ አልቀበልም አለ።

ስለዚህ ልክ የሚጀመረው ከተቀማጩ ነው። ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው ፊት 30 ሳንቲሜትር ያህል፣ ለጭን 16 ያህል፣ ለአንድ ተመጋቢ ክንድ ደግሞ በጠርዙ ላይ 60 ያህል መተው ይገባል። መሶብ የሚሰፉት እናቶቻችን ሜትር ሳይዙ ቁመቱን ከበርጩማው ጋር አስማምተውታል፤ በመሶብ ፊት ተቀምጦ ጉልበቱን የተመታ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

አንዳንድ ተማሪ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ፣ ኤውክሊድስ የተባለው ግሪካዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ስለ ጻፈው ምጣኔ፣ ማለት ስለ 1 ለ1.618 ያነሣል። ምጣኔው ለዓይን ደስ ማሰኘቱን አልክድም። ነገር ግን ለስድስት ሰው የሚሆን የ180 ሳንቲሜትር ጠረጴዛ በዚህ ቢለካ ስፋቱ ከ111 ይበልጣል፤ ፊት ለፊት ላለው ሰው ጨው ለማቀበል መነሣት ሊያስፈልግ ነው። ለዚህ ጠረጴዛ 90 ይበቃል። የላይኛው ጣውላ በሁለቱ ጫፍ ከእግሮቹ አልፎ ብዙ ሲወጣ ያምራል፤ ሆኖም 20፣ 20 ሳንቲሜትር ቢወጣና እግሮቹ 7፣ 7 ቢሆኑ በመካከል የሚቀረው 126 ስለ ሆነ፣ ስፋቱ 50 የሆነ ሦስተኛ ወንበር መግቢያ ያጣል። 5፣ 5 ብቻ ቢወጣ ግን 156 ይተርፍና ሦስቱም ይገባሉ።

በውበት በኩል ከሁሉ የሚያሳስተው የእግር ውፍረት ነው። በሥዕል ላይ እግሩን ከፊት ለፊት እናየዋለን፤ በቤት ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ ከማዕዘን በኩል ነው የምናየው። አራት ማዕዘን የሆነ የ7 ሳንቲሜትር እግር በማዕዘኑ ሲታይ ወደ 10 ይጠጋል። በወረቀት ላይ ቀጭን የመሰለው በቤት ውስጥ ምሰሶ የሚመስለው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ ከውስጥ በኩል ያሉትን ሁለት ፊቶች ወደ ታች እያቀጠኑ መላግ ነው፤ የውጭዎቹ ቀጥ እንዳሉ ይቆያሉ። የላይኛውም ጣውላ እንዳይጎብጥ 3 ሳንቲሜትር ቢያስፈልገው፣ ጠርዙ ከሥር በኩል በስላች ሲላግ 2 መስሎ ይታያል፤ ጥንካሬው ግን አይጎድልም።

ይህን ሁሉ በቁጥር ብቻ መፍረድ ያስቸግራል። እኔ አሁን አናጢው አንዱን ማዕዘን በርካሽ እንጨት በሙሉ ልኩ ሠርቶ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አራት ሜትር ያህል ርቄ አየዋለሁ፣ ከዚያም ወንበር አስጠግቼ እቀመጥበታለሁ።

የ12ቱን ጠረጴዛ ነገር በተመለከተ፣ ሳንቃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መቁረጥ አልተቻለም፤ ከእግሩ ጋር የተሰካበት ቀዳዳ ይገለጥ ነበርና። አናጢው ጫፎቹን በ18 ትቶ መካከሉን እንደ ቀስት ወደ ላይ 7 ሳንቲሜትር ቆረጠው። 48 ጎን ተቆረጠ፤ የጉልበቱንም ዋጋ አሠሪዬ ከፈለ። ምግብ ቤቱ ተረከበን። በቤታችን የማዘዣ ወረቀት ላይ ከርዝመት፣ ከስፋትና ከቁመት ቀጥሎ «ከሳንቃው ሥር እስከ ወለል» የሚል አራተኛ መስመር ተጨምሯል።