በአንድ እጅ የሚሠራበት ቤት

«አንድ እጅ አያጨበጭብም» ይባላል። ዕቃው ከተመቻቸለት ግን ሽንኩርት ይከትፋል።

በማሽን አደጋ፣ በጦርነት ወይም ወጌሻ ስብራቱን አጥብቆ በማሰሩ እጁን ያጣ የቤተሰብ አባል ካለዎት፣ መጀመሪያ የሚያስቡት ሰው ሠራሽ እጅ ይሆናል። ይጠቅማል፤ ሆኖም ክብደቱንና ሙቀቱን ባለመቻል የሚያወልቁት ጥቂት አይደሉም። የዕለት ኑሮን ብዙ ጊዜ የሚያቀልሉት ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። እንግሊዛዊው አድሚራል ኔልሰን በ1797 እ.ኤ.አ. ቀኝ ክንዱን ካጣ በኋላ ቢላና ሹካ የተጣመሩበት መመገቢያ ይጠቀም ነበር።

ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር ቢኖሩ፣ እነዚህን የሰፈርዎ አናጺና ልብስ ሰፊ ይሠሩልዎታል፦

መክተፊያ፦ ሁለት የማይዝጉ ምስማሮች ከሥር ወደ ላይ ይመቱበት። ሽንኩርቱ ጫፋቸው ላይ ይሰካል። ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ካነጠፉ አይንሸራተትም። ልጆች እንዳይጎዱ ምስማሮቹን በቡሽ ይክደኑ።

እጅ መታጠቢያ፦ አንድ እጅ ራሱን ማሸት አይችልም። ብሩሽ ከመታጠቢያው ጠርዝ ጋር ያስሩለት።

ልብስ፦ የደብረ ብርሃን ብርድ ያለ ጃኬት አይገፋም። የዚፑ መጎተቻ ላይ ቀለበት ያስገቡ። የሸሚዙን የእጅጌ ቁልፍ በላስቲክ ክር ያስተክሉ፤ እንደተቆለፈ እጅ ያሳልፋል።

በር፦ ክቡን እጀታ በረጅም ይለውጡት፤ በክርን ይከፈታል።

ከማሠራትዎ በፊት ግን ባለቤቱን ይጠይቁ። የቀረው እጅ ቀኝ ነው ግራ? የትኛው ሥራ አስቸገረው? ጉርሻው አይቅር፤ ሽንኩርቱን ግን ራሱ ይክተፍ።