ተጨማሪ መረጃ፦ ግጭትን በኮምፒውተር ማስመሰል

ጄኔቭ አቅራቢያ፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው የሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የምድር ውስጥ ዋሻ ፕሮቶኖች ለብርሃን ፍጥነት በተቃረበ ፍጥነት ይጋጫሉ። አልፎ አልፎም ከባድ ኳርኮች የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. የተገኘው ቶፕ ኳርክ ብቻውን ከፕሮቶን 180 ጊዜ በላይ ይከብዳል! ፕሮቶኑ ውስጥ ተደብቆ የነበረ እንዳይመስላችሁ፤ የግጭቱ ጉልበት ነው ወደ መጠነ ቁስ የተለወጠው።

የትኛው ግጭት ምን እንደሚፈጥር ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፒቲያን በመሳሰሉ ፕሮግራሞች ሚሊዮን ግጭቶችን ያስመስላሉ፤ ከዚያም ከእውነተኛው ልኬት ጋር ያስተያያሉ። የዘፈቀደ ቁጥሮችን የሚጠቀመው ይህ ስሌት ሞንቴ ካርሎ ይባላል።

የዘፈቀደ ውጤትን ከስሌት ጋር ማስተያየትን ለመሞከር፣ እስቲ ሁለት ሳንቲሞችን አንድ ላይ 20 ጊዜ ወርውሩ። ሁለቱም አንበሳ ያሳዩት ስንቴ ነው? በስሌት የሚጠበቀው 5 ነው። የክፍሉን ተማሪዎች ውጤት ደምራችሁስ?